የጉልበት ሎሚው ነገር፤ እኛ ቤት የደረሰው

ሰላም እህቴ። «የእናቴ ጉልበት በሰው ሠራሽ ሊቀየር ነው፤ በኋላ ሎሚው (ከጉልበት ፊት ያለው ክብ አጥንት) ችግር ያመጣል ሲባል ሰማሁ፣ ለማን ነው የሚያሰጋው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ጉልበቷ የተቀየረው ነሐሴ ላይ ነበር። በስቅለት ስትሰግድ ቆይታ ከመሬት ልትነሳ ስትል ጉልበቷ «ቀጭ» አለ። አልወደቀች፣ አልተመታች። «በዓሉን አላበላሽባችሁም» ብላ እስከ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ደበቀችን። ራጅ ስትነሳ ሎሚው ተሰንጥቋል።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ከሎሚው ሥር ፕላስቲክ የሚለጠፈው አጥንቱ ተልጦ ነው። የቀረው ከ12 ሚሊ ሜትር ካነሰ በቀላሉ ይሰነጠቃል። እናቴ ደግሞ ለቁርጥማቷ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ለዓመታት ስለወሰደች አጥንቷ ሳስቷል። ጉልበቶቿም ወደ ውስጥ የገቡ፣ ስትራመድ የሚነካኩ ነበሩ፤ ያንን ለማቃናት በውጭ በኩል ያለው ጅማት ሲላላ ለሎሚው ደም የሚያደርሰው ሥር አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ክብደትና ቀደም ብሎ የተደረገ የጉልበት ቀዶ ጥገናም ይጨመራሉ። የሰው ሠራሽ ጉልበቱ ብረት ወደ ውስጥ ዞሮ ከተገጠመ ደግሞ ሎሚው መሥመሩን ስቶ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ይህኛው የሐኪሙ እጅ ነው፤ ስለዚህ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ መመላለሱ ቢከብድም ብዙ ጉልበት የቀየረ ሐኪም ፈልጊላቸው። እናትሽ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘሽ ሂጂ። እኛ ስለ ፕሬድኒሶሎኑ አልተናገርንም፣ የጠየቀንም አልነበረም። እስካሁን ይቆጨኛል።

እናቴ እግሯን ዘርግታ ማንሳት ስለቻለችና ፕላስቲኩም ስላልላላ እንደገና አልተቀደደችም፤ ስድስት ሳምንት እግሯ ቀጥ ብሎ ታስሮ ዳነ። እናትሽ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድንገት እግራቸውን ዘርግተው ማንሳት ካቃታቸው አንድ ቀን እንዳታሳድሪ።

ስግደቱ ነው ከሁሉ የከበደን። ተንበርክኮ መነሳት፣ ቁጢጥ ማለት፣ ከዝቅተኛ በርጩማ መነሳት በሎሚው ላይ ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ ይጭናል። እኛ ብንነግራት አልሰማችም። የንስሐ አባቷ ናቸው ቤት ድረስ መጥተው «አስተብርኮው፣ ተንበርክኮ መስገዱ ይቅርብሽ፤ ቆመሽ በአድንኖ፣ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ስገጂ» ያሏት። እናትሽንም የንስሐ አባታቸው ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢያናግሯቸው ጥሩ ነው።

እናቴ የተጠቀመችበት ከፍ ያለ የሽንት ቤት ወንበር እኛ ጋ ተቀምጧል። ቀጠሮው ሲቆረጥ ጻፊልኝ፣ በመሐል ሜዳ መኪና እልክልሻለሁ።