ሸረሪት ትፈትላለች ወይስ ታደራለች?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ጓሯችን ያለው ቁልቋል ላይ ሸረሪት አይጠፋም፤ በስልኬ ፎቶ አነሳና ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ባለፈው «ይህ ነፍሳት ድሩን እየፈተለ ነው፤ ማለዳ ላይ የወሰድኩት ፎቶ» ብዬ ብጽፍ፣ አንድ ወዳጄ «ሸረሪት ነፍሳት አይባልም» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ሸረሪት ያደራል እንጂ መች ይፈትላል?» ብላ ሳቀችብኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይስሟቸው፤ ይበልጥ ግን እናትዎን።

መፍተል የእንዝርት ሥራ ነው። የተነደፈው ጥጥ እየተሳበና እየተጠመዘዘ ክር ይሆናል። ሸረሪት የምትጠመዝዘው ጥጥ የላትም፤ ሐሯ ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ነው፣ ከኋላዋ እየተሳበ ሲወጣ ይጠነክራል። ማድራት ግን ሸማኔው ሽመናውን ከመጀመሩ በፊት ድሩን የሚዘረጋበት ሥራ ነው። ክብ ድር የምትሠራውን ሸረሪት አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ቢመለከቷት ቃሉ ለምን እንደተመረጠ ይገባዎታል። መጀመሪያ የዳሩን ክር ትወጥራለች፤ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር የሚወጡትን ክሮች አንድ በአንድ ትዘረጋለች። እነዚህ አያጣብቁም። የሚያጣብቀው መጨረሻ ላይ እየዞረች የምትጨምረው ጥምዝምዝ ክር ነው፤ እሱን ማግ ብንለው ያስኬዳል። «ድረ ገጽ» የምንለውም ከዚሁ ድር የመጣ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ግን አደራ የሚል እስካሁን አልሰማሁም።

ሲጽፉ አንድ ፊደል እንዳታሳስትዎ። «ሸረሪቷ አደረች» ካሉ ሌሊቱን እዚያው አሳለፈች ማለትዎ ነው፤ ድር ዘረጋች ለማለት «አደራች» ነው። «አድራለች» እና «አድርታለች»ም እንዲሁ ይለያያሉ። ብዙዎቹ ክብ ድር የሚሠሩ ሸረሪቶች አሮጌውን ድር በልተው ሌሊት አዲስ ስለሚዘረጉ፣ «ስታደራ አደረች» ቢሉ ሁለቱንም በአንድ አፍ አሉት። የእርስዎን ጽሑፍ እኔ ባርመው «ሸረሪቷ ስታደራ፤ ማለዳ ላይ ያነሳሁት ፎቶ» እለዋለሁ። ፎቶ «ወሰድኩ» የሚል ሰው ከአልበም መዝዞ የሄደ ይመስለኛል፤ በእኛ ፎቶ ይነሳል።

እናትዎ «ያደራል» ማለታቸው ስሕተት አይደለም፣ ሁለቱም ፆታ ይባላል። እኔ ግን በሴት እጠራታለሁ። ክብ ድር ከሚሠሩት መካከል ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ማደኛ ድሩን ትቶ ሴት ፍለጋ ይዞራል፤ ድሩ መሐል ቁልቁል ተዘቅዝቃ የምትጠብቀው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት። እናንተ ዘንድ ቁርኣን የቀራ ሰው ደግሞ በሸረሪት ስም በተጠራው በ29ኛው ሱራ፣ 41ኛው አንቀጽ ላይ ቤት የሠራችው ሸረሪት በሴት ግስ መነገሯን ያስታውሳል።

ወደ ወዳጅዎ ልምጣ። «ነፍሳት» የ«ነፍስ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ይህ ነፍሳት» አስቀድሞ በቁጥር ይጋጫል። በወሬ መካከል ሸረሪትንም ነፍሳት ቢሏት ማንም አይከስዎትም። ፎቶ ሥር ሲጻፍ ግን አንባቢው እግር ይቆጥራል፦ ንብና ጥንዚዛ ስድስት፣ ሸረሪት ስምንት፤ ክንፍም ቀንድም የላትም። ጊንጥና መዥገርም ከእሷ ጋር ናቸው፤ ሁሉንም «የሸረሪት ወገን» ማለት ይበቃል። መዥገር ከእንቁላሉ ሲወጣ ባለ ስድስት እግር መሆኑ ግን ቆጣሪውን ያስታል።

ስለ ጊንጥ አልጠየቁኝም፣ ግን ጓሮ ካለ ድንጋይ ማገላበጥዎ አይቀርም። ጊንጥ በጅራቱ ይነድፋል፣ ሸረሪት በአፏ ትነክሳለች፤ «ሸረሪት ነደፈችኝ» የሚሉትን አይከተሉ። ጥጥም ይነደፋል፣ እሱ ሌላ ነው። ማታ ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ዓይነት የአልትራቫዮሌት ባትሪ ቢያበሩበት ጊንጡ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ያን ፎቶ ካነሱ ከሥሩ «ያንጸባርቃል» ብለው አይጻፉ፤ መስታወት የተቀበለውን ብርሃን ነው የሚመልሰው፣ ጊንጥ ግን ዓይን የማያየውን ተቀብሎ የሚታይ አድርጎ ያወጣል። «ያበራል» ይበሉ።