አሮጌ ስፖርት መኪና ለሚያምራችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ አሮጌ ስፖርት መኪና መግዛት ያምራችኋል። ሌሎቻችሁ ከአባት ወይም ከአጎት የቀረ፣ ግቢ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ የቆመ መኪና ማስነሣት ትፈልጋላችሁ። አንደኛችሁ ደግሞ «እትዬ፣ የእርስዎን ለምን አይሸጡልኝም?» ብሎኛል፤ ስለ እሱ ኋላ እጽፋለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሒሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። እንዲህ ያለ መኪና የሚቆየው የሚያውቁት እጆችና የሚያድርበት ደረቅ ቦታ እስካሉት ድረስ ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ከጎደሉ ገንዘብ ብቻውን አያቆየውም።

የእኔዋ ፊያት 124 ስፓይደር ናት፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ከመጀመሪያዎቹ። ይህ መኪና ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። አካሉን የሠራው የጣልያኑ የመኪና አካል ሠሪ ፒኒንፋሪና ነው። ሞተሩን የነደፈው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ደግሞ ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ መሐንዲስ ነው። 1438 ሲሲ፣ 90 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ማርሽ፣ አራቱም እግር ላይ ዲስክ ፍሬን፤ ለዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም። ምርቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ቀጥሎ ወደ 200 ሺህ ገደማ ተሠርቷል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለ ዋጋ ሳነሣ ያስፈልገናል።

ዘመዷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ዘመን ያመላለሰችን ላዳ ታክሲ የዚሁ የፊያት 124 የእህት ልጅ ናት፤ ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ቶግሊያቲ በምትባል ከተማቸው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሠሯት። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ዕቃ ስትጠይቁ «የላዳ ይገባላታል» መባላችሁ አይቀርም። እውነትነት አለው፣ ግን ግማሹን ነው። የላዳዋ ሞተር ሌላ ነው፤ የኋላ ፍሬኗም ታምቡር እንጂ ዲስክ አይደለም። አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካሊፐር በሚባለው መለኪያ አስለኩ፣ ካልገጠመ የምትመልሱት መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። አሮጌውንም አትጣሉ። ቶርኖ ቤት አንድ ቡሽ ወይም ፒን አስመስሎ ሊያወጣላችሁ የሚችለው ናሙና ሲኖረው ነው። እኔ ከመኪናዋ የወጣ ብሎን ሳይቀር በካርቶን አስቀምጣለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ወስጄ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ከፍታችን ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላበት ቦታ ይህ ነውና። ቶሪኖ ከባሕር ወለል 240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ለቶሪኖ አየር የተለካውን ቤንዚን ያለ ሐሳብ ይለቃል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ከቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ ይታፈናል። ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ያልጠነቀቀ መካኒክም «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን አነስ ያለ ቀዳዳ ያለው ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው) እና የተስተካከለ ፑንቲና (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ የሚወስነው) ብቻ ነው። ያም ሆኖ 90 የነበረው የፈረስ ጉልበት እዚህ 70 አካባቢ መድረሱን ተቀበሉ። ማንም መካኒክ የጎደለውን አየር ሊሞላላችሁ አይችልም።

ሞተር ይውረድ ከማለታችሁ በፊት ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ አስለኩ። ልኬቱ ፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ከጻፈው ዝቅ ብሎ ቢገኝ አትደንግጡ፤ የመጽሐፉ ቁጥር ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። እናንተ የምታዩት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ ያን ጊዜ ነገር አለ። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ከደረቀና ግፊት ካልያዘ፣ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ሞተሩ ይፈላባችኋል። የክዳን ዋጋ ለመቆጠብ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክፍል) ያጣመመ ሰው አውቃለሁ።

ላስቲክ ካነሣሁ አይቀር፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን ቤንዚን ውስጥ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል የሚባል አልኮል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ለኢታኖል አልተሠራም፤ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ሞተሩ ላይ ያንጠባጥባል። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ስታስነሡ ከቀለምና ከወንበር በፊት የቤንዚን ቱቦዎቹን ቀይሩ። የፍሬን ጎማዎችንም እንዲሁ። ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረው ጥርሳም ቺንጋ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ሲበጠስ አያስጠነቅቅም፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ቫልቭ እስከ ማጣመም ይደርሳል።

አካሉን ስትመረምሩ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማ በላይ፣ ከኮፋኖው ሥር አሞርዛተሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አስጠጉት። ካልሳበ ከቀለሙ በታች ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ፣ የመሙያ ልጥፍ፣ ነው። ይህ መኪና የተለየ መቀመጫ ሻሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ነው የሚሸከመው። ሞተር ይጠገናል። ከታች የበሰበሰ አካል ግን ጎበዝ ባቲላሜራ፣ ብዙ ወርና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። መካኒኬ አዛውንት ነው፤ ጋራዡ ከተክለ ሃይማኖት ብዙ አይርቅም። የዚህ ሞተር ቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው ውፍረታቸው በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለያይ ክብ ብረቶች በመለዋወጥ ነው። እሱ ከዚህ ቀደም ያወጣቸውን ሁሉ ለክቶ፣ ጽፎ፣ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጧል። ያ ጣሳ ለእኔ ከአዲስ ጎማ ይበልጣል። ችግሩ ዓይኑ እየደከመ ነው፤ ልጁ ደግሞ በኮምፒውተር የሚመረመሩ መኪኖች ላይ ይሠራል፤ አልፈርድበትም። ጋራዥ ስገባ «ባለቤቱ የሉም?» የሚለኝ ወጣት እስከ ዛሬ አይጠፋም። ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። እናንተም ሴቶቹ ይህ ያጋጥማችኋልና የተነገራችሁን ብልሽት በወረቀት አስጽፉ፣ የወጣውን ዕቃ አምጡ በሉ። ሒሳብ መርማሪ ሆኜ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ያልታየ ዕቃ አይከፈልበትም።

የማደሪያው ነገር ከብዷል። ፒያሳ አካባቢ ሰፊ ግቢ የነበራቸው ስንት ቤቶች በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ተነሡ። እኔም የማቆምበት የጓደኛዬ ግቢ ዕጣው ምን እንደሚሆን በውል አይታወቅም። ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ሜዳ ላይ የምታሳድሩ ካላችሁ በፕላስቲክ ሸራ አትሸፍኗት። ክረምት ላይ ፕላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ላሜራው ከሥር ይበላል። አቡጀዴ አሰፉላት፣ ዝናብ የሚመልስ ነገር ደግሞ ከላይ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉ። በሳምንት አንዴ ሞተሩ እስኪሞቅ ንዷት።

አሁን ወደ ሙያዬ። ለመኪናችሁ ያወጣችሁትን ሁሉ በደብተር ያዙ፤ ስትሸጡ ግን ደብተሩን ለገዢ አታሳዩ። ያወጣችሁት ገንዘብ ወጥቷል፤ ገዢው የሚከፍለው ዛሬ ለሚያየው ነው። «ይህን ያህል አፍስሼባት እንዴት በዚህ ዋጋ?» እያሉ መኪናቸውን ዝገት የበላባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ መኪናዋ ባትኖረኝና ገንዘቡ በእጄ ቢሆን፣ ይችኑ መኪና እገዛት ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ያዙ። ካመነታችሁ ገበያ ውጡ።

ኢንተርኔት ላይ አውሮፓ ውስጥ የሚጠራውን ዋጋ አይታችሁ አትስከሩ። 200 ሺህ ገደማ የተሠራ መኪና እዚያ ብርቅ አይደለም፤ ያ ዋጋ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለታደሰ ነው፣ እስከ ጂቡቲ ማውረጃ፣ የመርከብና የጉምሩክ ወጪም አልተቀነሰለትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንዴ ከሸጣችሁ መመለስ ከባድ መሆኑን እወቁ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የሸጣችሁትን የሚተካ ሌላ አሮጌ ስፓይደር ከቶሪኖ አስመጣለሁ ብላችሁ አታስቡ።

ለእኔዋ እስካሁን ከአንድ በላይ ጠያቂ መጥቷል። አንዱ ሞተሯን አውጥቶ የጃፓን ሞተር ሊገጥምባት የሚፈልግ ነው፤ ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት። ሌላው ለሰርግ የሚያከራይ ነው። ጓደኞቼ «በአበባና በሪባን ሊያጌጣት ነው?» ብለው ተቆጡ፤ እኔ ግን አልናቅሁትም። ለሰርግ የምትከራይ መኪና በየሳምንቱ ትነሣለች፣ ትታጠባለች፣ ብልሽቷ ቶሎ ይታያል። ስሟ ተከብሮ ግቢ ውስጥ ከምትቆመው ይሻላታል። የሰጠው ዋጋም ከሁሉ የተሻለ ነበር።

ሦስተኛው ያ ከእናንተ አንዱ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መካኒኬ ዘንድ እየሄደ ጣሳ ውስጥ ያሉትን ብረቶች መለካት ጀምሯል፤ አዛውንቱም በስሙ ሊጠራው ጀምሯል። የአጎቱ ግቢ ጣሪያ ያለው መኪና ማቆሚያ አለው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ደረቅ ነው። ዋጋውን ከፋፍሎ እንዲከፍል ሐሳብ አቀረብኩለት። «ታዲያ እስክጨርስ በውክልና ይስጡኝ» አለኝ። እዚህ ላይ ግን እንቢ አልኩ፤ ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ስሙኝ።

በከተማችን ወጪ ለመቆጠብ ስም ሳይዞር መኪናን በውክልና መሸጥ የተለመደ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪናን ባለቤት፣ ሌላ ሰው እየነዳ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል። ስሙ በሊብሬው ላይ ያለ ሰው እንግዲህ ገንዘቡን ተቀብሎ ቤቱ ከተቀመጠም በኋላ ክስ ሊደርሰው ይችላል። ገዢም አይተርፍም፤ ሻጭ ውክልናውን ሊሽር፣ ሊሞት፣ ወራሾች ሊነሡ፣ የሻጭ አበዳሪ መኪናዋን ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ ሁለታችሁም አብራችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ሂዱ፤ ያገባችሁ ከሆነ የትዳር ጓደኛችሁን ይዛችሁ። የሞተርና የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ቆማችሁ አስተያዩ፤ ባለፉት ዓመታት ሞተር የተለወጠባት መኪና ወረቀቷ ካልተስተካከለ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ትያዛለች። ቀሪ ክፍያ ካለ መኪናዋ ለእሱ መያዣ መሆኗ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። የሦስተኛ ወገን መድኑም በአዲሱ ባለቤት ስም ይሁን።

ልጁ ይህን ሰምቶ ከአጎቱ ጋር ልምከር ብሎ ሄዷል። የሰርጉ አከራይም በየሳምንቱ ይደውላል። ለሁለቱም የነገርኳቸው አንድ ነው፤ የዘንድሮው ቦሎ ከመታደሱ በፊት ቁርጡን ካልነገሩኝ ምርመራውን ራሴ አስፈጽሜ ለአንድ ዓመት እይዛታለሁ። አዲስ የቺንጋና የፍሬን ጎማ ጣልያን ካለች የእህቴ ልጅ በሰው እጅ ልካልኛለች፤ ገዢ መጣም አልመጣም እነሱ በዚህ ወር ይገጠማሉ።