ክፉውን ሰውዬ በካሜራ ስለማስፈራት ለጠየቅከው
ወንድሜ፣ «አጭር ፊልሜ ላይ ክፉው ገጸ ባሕርይ እንዲያስፈራ ካሜራውን ከታች አድርጌ ቀይ መብራት ብለቅበት ይበቃል ወይ?» ላልከው፦ አይበቃም። ጥቁር ጃኬት አልብሰህ፣ ከአገጩ ስር መብራት ሰክተህ፣ ፍሬሙን አጣመህ ከቀረጽከው ሰውዬው ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ ይነቃብሃል።

1. ከዓይኑ ጀምር። መብራት ከፊት ሲመጣ ብሌን ላይ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ታርፋለች፤ ዓይንን ሕያው የምታደርገው እሷ ናት። እሷን አጥፋት። መብራቱን ወደ አናቱ ውሰደው፣ ቅንድቡ ራሱ ዓይኑ ላይ ያጠላል። የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ ዘ ጎድፋዘር በተባለው ፊልም (1972 እ.ኤ.አ.) ላይ ማርሎን ብራንዶን ያበራው እንዲህ ነው። ምን እያሰበ እንደሆነ ስለማታይ ትፈራዋለህ።

2. ሎው አንግልን፣ ማለትም ከታች ወደ ላይ መቅረጽን፣ አታባክን። ከመጀመሪያው ትዕይንት ከታች ከቀረጽከው፣ ኋላ ጉልበት ሲያገኝ ካሜራህን የት ልታደርገው ነው? መጀመሪያ ከሌሎቹ እኩል፣ በዓይኑ ልክ ያዘው። ሰፊ ሌንስ ይዞ ፊት ድረስ መጠጋትም እንደዚሁ ነው፤ አንዴ ያስደነግጣል፣ ሲደጋገም ያስቃል። ተዋናይህ ካልሆነልህ ደግሞ ጥላውን ብቻ አሳይ። ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ «ኤም» በተባለው ፊልሙ (1931 እ.ኤ.አ.) ላይ ገዳዩን ያስገባው የወሮታ ማስታወቂያ ላይ ባረፈ ጥላ ነበር።

3. ጨለማውን እዚያው ቀረጻ ላይ ጨርሰው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ግማሽ ፊቱን አጥልተን፣ ተዋናዩም ዓይኑን ሳያርገበግብ ጉድ ሠርቶ፣ ፊልሙን የተረከበን ጣቢያ ያለ አንድ ሰውዬ «ፊቱ አይታይም፣ የቴክኒክ ችግር ነው» ብሎ መለሰው። ላስረዳ ብሄድ ቁጭ በል እንኳ አላለኝም! ጭራሽ የራሱን ኤዲተር ጠርቶ ጥላውን አስነሳው። በሎግ (የጨለማውንም የብርሃኑንም ዝርዝር ይዞ በሚያስቀር የአቀራረጽ ዓይነት) ስለተቀረጸ ጥላው ውስጥ የተደበቀው ሁሉ ወጣ፤ ያ የሚያስፈራ ገዳይ ለመታወቂያ ፎቶ የተነሳ መሰለ። የለፋንበት መብራት ሁሉ ገደል ገባ። ስማችን ግን እዚያው ፊልሙ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የጥላውን በኩል በጥቁር ጨርቅ እጋርደዋለሁ፣ ኤክስፖዠሩንም (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) እዚያው ዝቅ አደርገዋለሁ። አሁን ማንም መጥቶ ላብራው ቢል የሚያገኘው ኖይዝ፣ ምስሉን የሚያበላሽ ነጠብጣብ፣ ብቻ ነው። ቀጣዩ ሥራዬ ያለ አንድ እርማት አለፈ፤ የወሰደውም ያው ሰውዬ ነው። የምትቀርጽበት ክፍል ጠባብና ግድግዳው ነጭ ከሆነ ጨርቁን በዛ አድርገህ ያዝ፣ ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ፊቱ ላይ ይረጨዋል።