እየበላ ስለሚከሳው ድንክ ፈረስዎ

ጤና ይስጥልኝ። ከጋራ ሙለታ ደጋ አስመጥተው ድሬዳዋ ላይ ቀላል ጋሪ የሚያስጎትቱት ድንክ ፈረስዎ ከክረምቱ መውጫ ወዲህ እየበላ እንደከሳ፣ ሁለት ጊዜ የትል መድኃኒት ቢሰጡትም እንዳልተሻለው፣ አንዳንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ውሎ በማግስቱ ደህና እንደሚመስል፣ ሰሞኑን ደግሞ ከሆዱ ሥር እብጠት እንዳዩበት ጽፈዋል። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ለረጅም ዓመታት መጀመሪያ ድሬዳዋ፣ ኋላም ሐረር ዳርቻ የጋሪ ፈረስና በቅሎ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካየሁት ተነሥቼ የምመክርዎ ሦስተኛ የትል መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት የፈረሱን ደም እንዲያስመረምሩ ነው።

ፈረስ ሲከሳ መጀመሪያ የሚለየው ነገር መብላት አቅቶት ነው ወይስ የበላው አልጠቅም ብሎት ነው የሚለው ነው። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ እየወጣ እያላመጠ የሚያልቅ ስለሆነ፣ መንጋጋው እኩል ካልተፋጨ ጠርዙ ይሾልና ጉንጩንና ምላሱን ያቆስለዋል። እንዲህ ያለው ፈረስ ከሩቅ ሲያዩት የሚበላ ይመስላል፤ ቀርበው ካዩት ግን ያላመጠውን ሣር በድብልብሉ ከአፉ ይጥላል፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ያኝካል፣ ፋንድያው ውስጥም ያልደቀቀ ረጅም ገለባና ሙሉ የገብስ ፍሬ ይገኛል። እነዚህን ካላዩ ጥርሱ ዋናው ጥፋተኛ የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው። ይሁንና ሐኪሙ ሲመጣ አፉን ከፍቶ ይይለት፤ ልጓሙ ያቆሰለው ከንፈርም እዚያው ይታያል።

የእርስዎ ፈረስ ግን በደንብ እየበላ ከመክሳቱ ሌላ የሚመላለስ ድካምና የሆድ ሥር እብጠት አለው። እነዚህ ሦስቱ ባንድነት ሲመጡ፣ በተለይ ግመል በሚውልበት በዚህ ቆላ፣ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ሱራን ነው፤ ይህም ደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሐዋሲ የሚያመጣው አንድ የገንዲ ዓይነት በሽታ ነው። ብዙ ሰው «ገንዲ የከብት በሽታ ነው፣ የገንዲ ዝንብም በእኛ አካባቢ የለም» ይላል። የገንዲ ዝንብ የሚገኘው በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ሸለቆዎች መሆኑ እውነት ነው። የሱራ ተሐዋሲ ግን ያንን ዝንብ አይፈልግም፤ ግመልንና ፈረስን የሚነክሱ ተራ ደም መጣጭ ዝንቦች ከታመመው ወደ ጤነኛው በአፋቸው ይዘውት ይሄዳሉ፣ እነዚህም ከዝናብ በኋላ ይበዛሉ። ተሐዋሲው ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ የሚባለው፣ በ1880 እ.ኤ.አ. ግሪፊዝ ኢቫንስ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ሕንድ ውስጥ በታመሙ ፈረሶችና ግመሎች ደም ውስጥ ስላገኘው ነው። ግመል በሽታውን ለዓመታት ተሸክሞት ሊቆይ ይችላል፤ ፈረስ ግን ካልታከመ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል። ትኩሳቱ መጥቶ ይሄዳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ሆዱና እግሩ ያብጣል፣ እየቆየ የኋላ እግሩ ይከዳውና ይንገዳገዳል።

ከደጋ የመጣ ዳማ ፈረስ ነበረኝ፤ እሱም እንደዚሁ አጥንቱ እስኪቆጠር ድረስ እየበላ ከሳ። ጎረቤት ሁሉ ትል ነው አለ፤ አንዳንዱም ዓይን ነው አለ። ወደ መልሱ ያደረሰኝ ከፋርማሲ የገዛሁት ተራ ቴርሞሜትር ነበር። ጧትና ማታ ለክቼ በደብተር ስጽፍ ትኩሳቱ ወጥቶ እንደሚወርድና እንደገና እንደሚወጣ ታየኝ። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ እርስዎም ፈረሱ ጥላ ሥር ካረፈ በኋላ በፊንጢጣው ይለኩት፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ጋሪ ጎትቶ እንደገባ የሚለካ ሙቀት ያሳስታል። ድዱንም ይዩ፤ ጤነኛ ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ በጣት ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ይመለሳል። የነጣ ድድ የደም ማነስን፣ ቢጫ ያለ ድድ ደግሞ የደም ሕዋሳት መፍረስን ወይም የጉበት ችግርን ያመለክታል።

ደሙ መወሰድ ያለበት ትኩሳቱ በወጣበት ቀን ነው። ተሐዋሲው ትኩሳቱ ሲወርድ ከደም ውስጥ ስለሚሳሳ፣ በደህናው ቀን የተወሰደ ደም «ምንም የለም» ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ አልተገኘም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም፣ ምርመራው ይደገም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሚገኝ ለሁለቱም ከተማ ሰው ቅርብ ነው። የትኩሳት ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል። በዚያው ደም የመዥገር ትኩሳት የሚያመጡት የደም ጥገኛ ተሐዋስያንም እንዲታዩ ይጠይቁ፤ እነሱም ትኩሳት፣ ክሳትና ቢጫ ድድ ያመጣሉ፣ አንዳንዴም ሽንቱን ያጠቁራሉ። ፈረሱ ለማጥቂያ ውሎ ከሆነ ይህንንም አይሸሽጉ፤ በግንኙነት የሚተላለፍ ሌላ የገንዲ ዘመድ አለና።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ስለ መርፌ ነው። ከገበያ የሚሸጠውን ቢጫ የገንዲ ዱቄት በውሃ በጥብጠው የሚወጉ ሰዎች አሉ። ያ መድኃኒት ከብት በደህና የሚችለው ቢሆንም፣ ለፈረስና ለግመል በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ የተወጋበትንም ሥጋ ያሳብጣል። የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን እንደሚሰጥ የሚወስነው ክብደቱን የለካ ሐኪም ብቻ ነው። ክብደቱን ለማወቅ ሚዛን ከሌለ፣ ከፊት እግሩ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለውን ርዝመት በሴንቲሜትር ይለኩ። የደረቱን ልክ በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ11,880 ያካፍሉ። ደረቱ 140፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ ወደ 214 ኪሎ ይመጣል። በየሳምንቱ ቢለኩት መክሳቱንም መፈወሱንም ዓይንዎ ከሚነግርዎ ቀድመው ያውቃሉ።

ምርመራው እስኪያልቅ ከጋሪ ያውጡት። መኖውን በተመለከተ፣ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ለ214 ኪሎው ይህ ከ4 ኪሎ እስከ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ አብዛኛውም ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት። በእኛ አካባቢ ፈረስ በማሽላ አገዳና በፉርሽካ ብቻ ሲኖር አያለሁ። አገዳው ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ፉርሽካ ሲበዛ ደግሞ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ስለሚበልጥ አጥንት ያዳክማል። ያም ሆኖ ለከሳ ፈረስ ገብስ በአንድ ጊዜ አይከመርለት፤ የሆድ ቁርጠትና የሰኮና በሽታ ያመጣበታል። ጥሩ ድርቆሽ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይስጡት፤ ገብሱ ከቀናት በኋላ በጥቂቱ ይጀመር። ገራባ፣ ማለት የጫት ትራፊ፣ የሚያበሉት ከሆነ ያቁሙ። ፍየልና አህያ ይበላዋል ይባላል፣ ይበላዋልም፤ ነገር ግን ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ እኛው እናውቃለን፣ በላዩ ላይ የተረጨው ፀረ ተባይ ምን እንደሆነም የሚነግርዎ የለም። መኖው በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ተበትኖ የሚሰጠው ከሆነ ፋንድያውን በውሃ በጥብጠው ያስቀምጡ፤ ከሥር አሸዋ ከዘቀጠ አንጀቱ ውስጥም አለ ማለት ነው፣ ያም ራሱ ያከሳል።

የትል መድኃኒቱን አስፈላጊነት እየካድኩ አይደለም፤ ግን ፋንድያው ለትል ዕንቁላል ሳይመረመር መደጋገሙ ገንዘብ ከመጨረስ በላይ ትሎቹ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል።

አንድ አስቸኳይ ነገር ልጨምር። ድንክ ፈረስና አህያ መብላት ካቆሙ የሰውነታቸው ስብ ወደ ደም እየፈሰሰ ጉበታቸውን ይጎዳል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ መኖ እምቢ ካለ እስከ ማግስቱ አይጠብቁ፣ ሐኪም ይጥሩ። ምርመራው ሱራ መሆኑን ካረጋገጠ ደግሞ በግቢው ያሉትን ሌሎች ፈረሶችና በቅሎዎች፣ እንዲሁም አጠገብዎ ግመል የሚያሳድር ጎረቤት ካለ የእሱን ግመሎች ማስመርመር ያስፈልጋል፤ ግመሎቹ ደህና ቢመስሉም እነሱ ሳይታከሙ ቢቀሩ ዝንቡ ለዳነው ፈረስዎ በሽታውን መልሶ ሊያመጣለት ይችላል።