መልስ፦ የቀለሁን አፍ ማጥበቅ ግድ ነው?

አቦ ወንድሜ፣ ከኮሎራዶ የላክኸውን ጥያቄ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ለግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃህ ራስህ በምትሞላው ጥይት የቀለሁን (ባሩዱን የያዘውን ቀፎ) አፍ አረሩ ላይ ጫን አድርጌ ማጥበቅ አለብኝ ወይ ነው ያልከው። ግድ አይደለም። (ድሬ ያላችሁ ግን እንዳትሞክሩት፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በአዋጅ 1177/2012 የተከለከለ ነው።)

አረሩን፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣውን ጫፍ፣ በዋናነት የሚይዘው የቀለሁ አንገት (ከአፉ ቀጥሎ ያለው ቀጭን ክፍል) ነው። አንገቱ ከላላ አፉን ማጥበቅ አያድንህም። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ጥይቱን በኃይል ነው የሚያጎርሰው። ጫፉ መግቢያው ላይ ሲመታ አረሩ ወደ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። ያኔ የባሩዱ ቦታ ይጠብባል፣ ግፊቱ ይንራል። የምፈራልህ ይሄንን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፈትሽ። ባሩድም መለኮሻም የሌለው አንድ ጥይት አዘጋጅ። ርዝመቱን በካሊፐር (ጥቃቅን ልኬት በሚለካ መሣሪያ) ለካ። ከካዝናው አጉርሰው፣ አውጣው፣ እንደገና ለካ። ካጠረ አረሩ ሰምጧል፤ ከረዘመ ደግሞ ወደ ፊት ሸሽቷል። በሁለቱም መፍትሔው አንገቱ ላይ ነው።

ካጠበቅህ አረሩ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ቦይ ያለው ይሁን። ቦይ የሌለውን ስትጫነው አረሩ ይጎዳል፣ ዒላማም ይስታል። ቀለሆቹንም ርዝመታቸው እኩል እንዲሆን ቁረጣቸው። እኔ ኮሎራዶ ሳለሁ አንዱ ረዝሞብኝ ነበር። አፉ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ትከሻው (ከአንገቱ በታች የሚሰፋው ክፍል) በዓይን የማይታይ ያህል አበጠ። ጠመንጃው አልጎርስ ብሎ ግማሽ ቀን ጥፋቱን ካዝናው ላይ ስፈልግ ዋልኩ።