ቤት የቀረ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝና እጄን ሰደድሁ። ኪሴ ግን ባዶ ነበር፤ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ቤት ትቼው እንደ ወጣሁ ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው። ነገሩ ስለተደጋገመብኝ ጤንነቴን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። ምን ትሉኛላችሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይሥጉ፤ ይህ ያልደረሰበት ሰው ከማግኘት የደረሰበትን ማግኘት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኝ ሆስፒታል ከሚሠሩና መልስ ከሰጡ 169 ባለሙያዎች መካከል 68 በመቶው ስልካቸው ወይም ፔጀራቸው (ጥሪ መኖሩን የሚያሳውቅ የኪስ መሣሪያ) ሳይጠራ የተንቀጠቀጠ መስሎ ተሰምቷቸው እንደሚያውቅ ተናግረዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ290 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ከፍ ብሏል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ምክንያቱን ለመረዳት ከስልኩ እንጀምር። ስልኩን የሚያንቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ሞተር ናት፤ ከአሮጌ ስልክ ውስጥ የወጣች አንዲቱን መዳፌ ላይ አስቀምጬ አይቻት ነበር፤ ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም፤ ጫፏ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ክብደት ስላለባት ስትሽከረከር መላውን ስልክ ታርገበግበዋለች። ከቆዳችን ሥር ደግሞ ፓቺኒ በተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ስም የሚጠሩ፣ ንዝረትን ለመለየት የተፈጠሩ ጥቃቅን የስሜት ሕዋሳት አሉ። የስልኩን መልእክት የሚቀበሉት እነዚህ ናቸው። ይሁን እንጂ ሱሪ ጭንን ሲያሻሽ ወይም ጡንቻ በራሱ ጊዜ ሽምቅቅ ሲልም ስሜት ወደ አእምሮ ይሄዳል፤ አእምሮም ቀኑን ሙሉ ከሚጎርፍለት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛው ጥሪ፣ የትኛው ጨርቅ እንደሆነ መወሰን አለበት።

ውሳኔው ደግሞ ግምት ነው። አእምሮ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል፦ የተደወለውን ሳይሰማ ሊያልፍ፣ ወይም ያልተደወለውን የተደወለ ሊያስመስል። የመጀመሪያው ስሕተት የእናትን ወይም የአለቃን ጥሪ ሊያሳጣ ይችላል፤ የሁለተኛው ዋጋ ግን እጅን ኪስ ውስጥ ከትቶ ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሪ የሚጠብቅ አእምሮ ትንሽ ምልክት ሲያገኝ «ደወለ» ብሎ መፍረድን ይመርጣል። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ነፋስ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ብድግ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰውየው ታሞ ሳይሆን ጆሮው በር ላይ ስለሆነ ነው። እርስዎም ጭንዎ ላይ የተሰማዎት የልማድዎ ግምት ነው፤ ስልኩ ቤት ቢቀርም ልማድዎ ገና አልሰማም ነበር። ቢያስቸግርዎ ስልኩን ከቫይብሬት ያውጡት፣ ወይም ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ኪስ ውስጥ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይያዙት፤ ከሆስፒታሉ ሠራተኞችም እንዲህ አድርገው የተገላገሉ ነበሩ።

ጥያቄ፦ አረብ አገር ለምትኖር እኅቴ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እልካለሁ። የላክሁትን መልሼ ስሰማው ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው ይመስለኛል፤ እኅቴ ግን «ያው የአንተው ድምፅ ነው» ትለኛለች። ማንኛችን ነን ልክ? (ከደሴ)

መልስ፦ እኅትዎ እውነታቸውን ነው። ሌላ ሰው የእርስዎን ድምፅ የሚሰማው በአየር ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን በሁለት መንገድ ይሰሙታል፤ አንዱ ከአፍዎ ወጥቶ በአየር ወደ ጆሮዎ የሚደርሰው ሲሆን፣ ሌላው በራስ ቅል አጥንት በኩል በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚገባው ነው። አጥንት ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ አጉልቶ ስለሚያስተላልፍ፣ ዕድሜ ልክዎን «የእኔ» ብለው የለመዱት ድምፅ ሌሎች ከሚሰሙት የወፈረ ነው፤ ማይክሮፎን ግን ከአጥንትዎ የሚቀበለው ነገር የለውም።

ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ቆሎ ሲቆረጥሙ ራስዎ ውስጥ የሚያስተጋባው ድምፅ አጠገብዎ ለተቀመጠው ሰው ያን ያህል አይሰማውም። ሁለቱን ጆሮዎን በጣት ደፍነው ስምዎን ቢጠሩም ድምፅዎ ጎርነን ብሎ ከውስጥ ይመጣል። እኅትዎ በናፍቆት የሚያዳምጡት ያንኑ እርስዎ የማይወዱትን ቀጭኑን ድምፅ ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት መላክዎን እንዳያቆሙ አደራ።

ጥያቄ፦ ስልኬ 30 በመቶ ባትሪ አለው እያለ ፎቶ ላነሳ ስል ድርግም ይላል። ቁጥሩ ውሸት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውሸት ሳይሆን ግምት ነው። የጋዝ ሲሊንደር ውስጥ የቀረውን ከውጭ ማየት ስለማይቻል ነቅነቅ አድርገን እንደምንገምተው ሁሉ፣ ስልኩም የባትሪውን ቮልቴጅና የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ እየለካ ይገምታል። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ በመካከለኛው ክፍል ብዙም ስለማይለዋወጥ ግምቱ ቀድሞውንም ቀላል አይደለም። ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪኩ እንደ ልብ እንዳይወጣ የሚይዘው ውስጣዊ ተቃውሞም ይጨምራል፤ ካሜራው በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ ይጠፋል። አንድ ጊዜ እስኪሞላ ቻርጅ አድርገው በአንድ ተራ እስኪያልቅ ቢጠቀሙበት ቁጥሩ ሊስተካከል ይችላል፤ ደጋግሞ ማስጨረስ ግን ባትሪውን ስለሚጎዳ ልማድ አያድርጉት። ከዚያም በኋላ ድርግም ማለቱን ካልተወ ያረጀው ባትሪው ነውና ያስቀይሩት፤ አዲሱንም ቻርጅ ላይ እያለ ከትራስ ሥር አያስቀምጡት፤ ባትሪን እንደ ሙቀት ቶሎ የሚያስረጅ ነገር ጥቂት ነው።