ኮብልስቶን ላይ የምታንኳኳ፣ ጉብታ ላይ ዝም የምትል ኮሮላ

አንድ ወጣት አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ የ1998 ሞዴል (በፈረንጅ) ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ከአባቴ የወረስኳት ናት። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ነው። እዚያ ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ ከፊት በቀኝ በኩል ‹ቀጭ ቀጭ ቀጭ› የሚል የብረት ድምፅ ይሰማል። አስፋልት ላይ የለም። የሚገርመው ግን ትልቁን ስፒድ ብሬከር ስወጣ ምንም አትልም። አንዱ መካኒክ አሞርዛተር ነው ብሎ የፊቶቹን ሁለቱንም ቀየረ። ድምፁ አልጠፋም። ሌላው ስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናዋ ወደ ጎን እንዳታጋድል የሚረዳውን ማያያዣ) ቀየረ። አሁንም አለ። ሦስተኛው ‹የመሪ ሳጥኑ ነው፣ ይቀየር› እያለኝ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ዋጋ ጠይቄ ደንግጬ ተመለስኩ። ልቀይረው?»

አትቀይረው። ቢያንስ የምነግርህን ሙከራ ሳታደርግ ብር አታውጣ።

ደብዳቤህን ሳነብ የቡና ስኒዬን ያስቀመጥኩት «የሚገርመው» ያልክበት ቦታ ላይ ስደርስ ነው። አንተ ለወሬ ያህል ጣል ያደረግካት ናት። እኔ ግን መልሱ ያለው እሷው ውስጥ ይመስለኛል።

እስቲ አስበው። አሞርዛተሩ ያለቀ፣ ጎሚኒው (በብረቶቹ መሀል ያለው ላስቲክ) የተበላ ወይም ቦል ጆይንቱ (ኳስ መሳዩ መገጣጠሚያ) የላላ መኪና ትልቅ ጉብታ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ዝም አይልም። ጎማው ከሁሉ በላይ ከፍና ዝቅ የሚለው እዚያ ነው። የላላ ነገር ካለ አብዛኛውን ጊዜ «ጓ» ብሎ ራሱን ያጋልጣል። ያንተዋ ግን የምትጮኸው ትንንሽ ድንጋይ ላይ ነው፣ ጉብታው ላይ ጭጭ ትላለች። ታዲያ ጉብታው ጋ ስትደርስ ምን ታደርጋለህ? ፍሬን ትይዛለህ። እግርህ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ትወጣለህ። ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳትነካ ታዘግማለህ። እኔ ልዩነቱን የምፈልገው እግርህ ላይ ነው።

ሙከራው ይሄ ነው። ጠዋት ሰፈሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብለህ ንዳ። ሬዲዮ ዝጋ፣ መስኮት ክፈት። ከቻልክ በቀኝ በኩል ግንብ ወይም የቆርቆሮ አጥር ያለበትን መንገድ ምረጥ፣ ድምፁን መልሶ ጆሮህ ውስጥ ይከተዋል። ቀጭ ቀጭ ሲጀምር ፍሬኑን በስሱ ንካው። መኪናዋ እንድትቆም አይደለም፣ እግርህን ለማሳረፍ ያህል ብቻ። ወዲያው ጸጥ ካለ፣ ስትለቀው ደግሞ ከቀጠለ፣ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው። ሁልጊዜ እንዲያ ከሆነ ነገሩ ያለው ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) አካባቢ ነው። (ድምፁ ከኋላ ነው ብትለኝ ኖሮ ይህንኑ የእጅ ፍሬኑን አንድ ሁለት ጥርስ ስበህ ሞክረው እልህ ነበር።)

ለምን መሰለህ? ከፊት ያለው የዲስክ ፍሬን ነው። ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጡት ሁለት ሸራዎች በማቀፊያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ፍሬን ስትይዝ ተጣብቀው ይቆማሉ። ሳትይዝ ግን እንዳይንቀጫቀጩ የሚወጥሯቸው ትንንሽ የላሜራ ክሊፖች ናቸው። እነዚህን ክሊፖች ሰው ይንቃቸዋል። ሸራ የሚቀይረው ልጅ ይነቅላቸውና መሬት ላይ ይረሳቸዋል፣ ወይም አሮጌውን ሸራ ሲጥል አብሮ ይጥላቸዋል። አዲሱ ሸራ ያለ እነሱም ይገባል። ፍሬኑም ይይዛል። ስለዚህ ማንም ልብ አይልም። ሸራው ግን እንደሚነቃነቅ ጥርስ ሆኖ ይቀራል። አስፋልት ላይ አይሰማም፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ያንቀጫቅጫል። በቅርቡ ሸራ ቀይረህ እንደሆነ አልነገርከኝም። ድምፁ ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ነገሩ አለቀ በለው።

አሁን ጎማውን እናውጣ። ዳዶዎቹን መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ትንሽ አላላቸው። አንዳቸው ቀድሞውኑ ልል ሆኖ ካገኘኸው ግን ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም፣ የላላ ጎማም እንዲሁ ያንኳኳል፣ ያውም በጣም አደገኛው እሱ ነው። ከዚያ በክሪክ አንሳት፣ ከስርም ጠንካራ መደገፊያ አድርግላት። ክሪክ ብቻ አምነህ እጅህንም እግርህንም ከስር አታስገባ።

ሸራውን በጣትህ ይዘህ ነቅንቀው። ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው፣ «ቀጭ» ካለ ግን ያንተው ድምፅ ነው። የጎደለ ነገር መኖሩን እንዴት ታውቃለህ? የግራውን ጎማም አውጣና አወዳድር። ድምፅ የሌለው ግራው ጎን እንደ ናሙና ያገለግልሃል። ክሊፖቹን ከላይም ከታችም ቁጠር። በዚያው የሸራውንም ውፍረት እይ፣ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ከደረሰ ለክሊፕ ብለህ ከከፈትከው አይቀር ቀይረው።

ክሊፖቹ ሁሉ ካሉ ደግሞ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች ተመልከት። ጎማ ልባሳቸው ተቀዶ ውሃና አቧራ ገብቶ ከሆነ ፒኖቹ ይበላሉ፣ ካሊፐሩም ይወላከፋል። ጠርገህ ለፍሬን ተብሎ የሚሸጠውን፣ ሙቀት የሚችለውን ግራሶ ቀባቸው። ተራውን ግራሶ አትጠቀም፣ ልባሱን ያሳብጠዋል። ሸራውና ዲስኩ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትነካ።

መካኒኮቹን አልወቅስም። ድምፅ በብረት ውስጥ እየሄደ ያታልላል። ከፊት በቀኝ ነው ያልከው ከመሀል ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት መኪና ላይ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። መታጠፊያ ላይ ከኋላ «ዱብ» ይላል። ጎማ አወጣሁ፣ ሞላ ነካካሁ፣ ጎሚኒ ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ከልጆቻቸው ትንሿ ከኋላ ወንበር ስር እጇን ሰድዳ የጠበል ጀሪካን ጎትታ አወጣች። ሴትየዋ ሳቁ፣ እኔ ግን ሒሳብ መጠየቁ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ ለድምፅ የመጣ ሰው «ከየት ነው?» አልለውም። «መቼ ነው?» እለዋለሁ። ስትታጠፍ ነው፣ ነዳጅ ስትሰጥ ነው፣ ፍሬን ስትለቅ ነው?

ፍሬኑን ስትነካው ድምፁ ካልጠፋ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ያኔ መጀመሪያ የምሄደው አሞርዛተሩን ወደቀየሩበት ቦታ ነው። ኮፈኑን ክፈትና እጅህን የቀኙ አሞርዛተር ራስ ላይ አድርግ፣ መኪናዋ ቆማ ባለችበት ሌላ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያዙር። እጅህ ስር ዘለል ካለ የላይኛው መቀመጫ ወይም በደንብ ያልጠበቀ ዳዶ ነው። የመሪ ሳጥን ቢሆን ግን ብዙውን ጊዜ ኮብልስቶኑ ላይ መሪው ራሱ እጅህን ይመታህ ነበር። አንተ ደግሞ ስለ እጅህ አንዲት ቃል አልጻፍክም። የመሪ ሳጥን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የመጨረሻው ነው።

አንድ ነገር እንዳልረሳ። ሸራውን አውጥተህ ከመለስክ የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ኋላ ተገፍቷል። መኪናዋን ሳታንቀሳቅስ የፍሬን ፔዳሉን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመህ ርገጠው። የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ሊወርድ ይችላል። የፍሬን ዘይቱንም ማጠራቀሚያው ላይ እይ። ከዚያ ግቢ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ሁለት ሜትር ሂድና ፍሬን ይዘህ ቁም። ያዘች? በል አሁን በሩን ክፈትና ወደ ኮብልስቶኑ ውጣ።